የጸደይ ዓሣና የመሐንዲስ እጅ በኦንታሪዮ ሐይቅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዚህን ንግግር ርእስ ለጽሕፈት ቤቱ ባቀረብሁ ጊዜ ፈገግ ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። በመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ ኮንክሪት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል ይነገራል እንጂ ስለ ዓሣ ማጥመድ መናገር የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ድንበር ላይ ከተንጣለለው ከኦንታሪዮ ሐይቅ በየዓመቱ በጸደይ ወራት በመንጠቆ ከሚወጣው ዓሣ የሙያችን እጅ ያልነካው እምብዛም አይገኝም። አንዱን የዓሣ ዘር ከሐይቁ ያጠፋው የወፍጮ ግድብ ነው። ሌላው ዛሬ የሚወፍርበትን ምግብ ያገኘው መርከብ ከባሕር ማዶ በሆዱ ይዞት ከመጣው ውሃ ነው። ሦስተኛውን ያበዛው ደግሞ የአንድ ኀይል ማመንጫ የውሃ በር የሚከፈትበት ሥርዓት ነው። ከሁሉ ይልቅ ላሳስባችሁ የምፈልገው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ወደ እርሱ የሚደረሰው ግን በሌሎቹ በኩል ስለ ሆነ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ላስታውስ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹን ግን በቅርብ በሚገጥሙት በኛው ስሞች እጠራቸዋለሁ። ጸደይ ስልም ብዙዎቻችን በልማድ የምናስበውን የመስከረምን አበባ ማለቴ አይደለም። በጥንቱ የሊቃውንት አከፋፈል ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው፤ የኦንታሪዮም ጸደይ፣ ደስ በሚያሰኝ አጋጣሚ፣ ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

ኦንታሪዮ በሰሜን አሜሪካ ካሉት ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች በቆዳ ስፋት የመጨረሻው ነው። እንዲያም ሆኖ ርዝመቱ 311 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወርዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የቆዳ ስፋቱም ወደ 19,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ የኛን ጣና ስድስት ጊዜ ያህል ያጥፋል። ይበልጥ የሚለያዩት በጥልቀት ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን ኦንታሪዮ 244 ሜትር ይወርዳል። አብዛኛው ውሃ ከኤሪ ሐይቅ በናያግራ ፏፏቴ ወርዶ በምዕራብ በኩል ይገባበታል፤ በምሥራቅ በኩል በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ወጥቶ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይሄዳል። ይህን ጥልቀት በልባችሁ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ የጸደዩ ዓሣ የት እንደሚገኝ የሚወስነው እርሱ ነውና።

ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መሆኑን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ብዙዎቻችንም ለፈተና ካጠናነው በኋላ ረስተነዋል። በኦንታሪዮ ዳርቻ ይህ ቁጥር በዐይን የሚታይ ነገር ይሆናል። ክረምቱ ሲወጣ የሐይቁ መካከለኛ ውሃ ከ4 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ይቆያል። በዳር ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ግን ፀሐይና ከየብስ የሚወርዱ ወንዞች ስለሚያሞቁት በሚያዝያ ወር ፈጥኖ ከ4 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሁለቱ ውሃዎች በሚገናኙበት መስመር ላይ ሲቀላቀሉ ቅልቅሉ በትክክል ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ከግራና ከቀኝ ካሉት ከሁለቱም ይልቅ ስለሚከብድ ቁልቁል ይሰምጣል። በዚህ ምክንያት ከላይ እስከ ታች የቆመ የማይታይ አጥር ይበጃል። ሊቃውንቱ የሙቀት አጥር ይሉታል። አጥሩ በሚያዝያ ከዳርቻው አጠገብ ይጀምርና ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ወደ መካከል እየተገፋ ሄዶ በሰኔ ይጠፋል። በ1972 የሁለቱ አገሮች ተመራማሪዎች ኦንታሪዮን በመርከብና በመለኪያ ባጠኑበት ታላቅ ዘመቻም ይህ ነገር በሰፊው ተመርምሯል።

ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ነጥብ፣ አጥሩ እስካለ ድረስ ከየብስ የመጣው ውሃ በቀላሉ ወደ መካከል አለመሻገሩ ነው። ስለዚህ የከተማ ፍሳሽ ማስወገጃ ቧንቧ አፍ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በጸደይ ያለው መልስና በመጸው ያለው መልስ አንድ አይሆንም። ሐይቁ ሰፊ ነውና ቆሻሻው በውስጡ ይሟሟል ብሎ የሚያሰላ ሰው በሚያዝያ ወር የሐይቁን ስፋት ሳይሆን የአንድን ጠባብ የዳርቻ ቀበቶ ስፋት መውሰድ ይገባዋል።

ለዓሣ አጥማጅ የሚጠቅመው ደግሞ ዓሣውም በዚሁ ቀበቶ ውስጥ መሰብሰቡ ነው። ትራውት በባሌ ተራራማ ወንዞች ውስጥ ከውጭ አገር መጥቶ ስለተለቀቀ ለኛም ጨርሶ ባዕድ አይደለም። በኦንታሪዮ በሚያዝያ መጀመሪያ ከሁሉ በፊት ወደ ዳር የሚቀርበው ከአውሮጳ የመጣው ቡናማው ትራውት ነው። መካከሉ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲሆን በወንዝ አፍ አጠገብ 7 ወይም 8 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ ይገኛል፤ ትናንሽ ዓሦችም ሙቀቱን ፈልገው ወደዚያ ይመጣሉ፤ ትራውቱም ይከተላቸዋል። በቶሮንቶ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጬ በነበረበት ወቅት እንዳየሁት፣ ልምድ ያለው አጥማጅ ማለዳ ጀልባውን ሲያወጣ በመጀመሪያ የሚመለከተው ቴርሞሜትሩን ነው። ከዚያ በኋላ የወንዙ ደፍራሽ ውሃ ከሐይቁ ጥሩ ውሃ ጋር የሚጋጠምበትን መስመር ይፈልጋል። ይህ መስመር እንደ ጨርቅ ስፌት ጥርት ብሎ ይታያል። አጥማጁም ከደፍራሹ ወገን ሆኖ በዝግታ፣ ሰው በእግሩ በሚራመድበት ፍጥነት ያህል፣ ጀልባውን ይነዳል።

ውሃው ሁለትና ሦስት ሜትር ብቻ ስለሚሆን ዓሣው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ይሸሻል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ መሐንዲስን የሚያስደስት ነው። አንድ ጫፉ በግዴለት የተቆረጠ ትንሽ ሳንቃ በክሩ ላይ ይታሰራል። ጀልባው ወደ ፊት ሲሄድ ውሃው ሳንቃውን ወደ ጎን ስለሚገፋው ክሩና መንጠቆው ከጀልባው ሃያና ሠላሳ ሜትር ርቀው ዓሣው ባልደነገጠበት ቦታ ያልፋሉ። ሞተርም ባትሪም የለው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የኀይል አከፋፈል ነው።

ሁለተኛው የጸደይ ዓሣ ቀስተ ደመናው ትራውት ነው። ይህም ከፓስፊክ ዳርቻ የመጣ እንግዳ ሲሆን በመጋቢትና በሚያዝያ ዕንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዞች ይወጣል። በሰሜን ዳርቻ ፖርት ሆፕ በምትባል ከተማ በሚያልፈው በጋናራስካ ወንዝ ላይ አሮጌ ግድብ አለ፤ ከግድቡም ጎን የዓሣ መሰላል ተሠርቶለታል። መሰላሉ ተራ በተራ ከፍ እያሉ የሚሄዱ የኮንክሪት ገንዳዎች ሰንሰለት ነው። ዓሣው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ሲወጣ ሕዝቡ በድልድዩ ዳር ቆሞ ያያል፤ የዓሣ ባለሙያዎችም ይቆጥሩታል።

ይህ መሰላል ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ቢታሰብ ኖሮ የሐይቁ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። ኦንታሪዮ የራሱ ሳልሞን ነበረው። ይህ የአትላንቲክ ሳልሞን የተባለው ዘር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በየወንዙ በብዛት ይወጣ ስለነበር ሰፋሪዎች በጦርና በመረብ ያነሡት ነበር። ሰፋሪው ግን እህል የሚፈጭበትና እንጨት የሚሰነጥቅበት ወፍጮ ያስፈልገው ነበርና በየወንዙ ላይ ግድብ ሠራ። ግድቦቹ በኛ ዐይን ኢምንት ናቸው፤ የብዙዎቹ ቁመት ከአንድ ቤት ግድግዳ አይበልጥም። ዕንቁላሉን በላይኛው ጠጠር ላይ ብቻ ለሚጥል ዓሣ ግን ሁለት ሜትርና ሁለት መቶ ሜትር ልዩነት የላቸውም። ደኑ በተመነጠረ ጊዜም ወንዞቹ ሞቁ፤ የመጋዙ ብናኝም ጠጠሩን ሸፈነው። ሳሙኤል ዊልሞት የተባለ ገበሬ ዓሣው እየጠፋ መሄዱን አይቶ በ1866 በኒውካስል መንደር፣ በገዛ ቤቱ አጠገብ በሚያልፈው ጅረት፣ የሳልሞን ዕንቁላል እያስፈለፈለ መልቀቅ ጀመረ። ሥራው በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ነገር ግን ጫጩት ማስፈልፈል ይቻላል እንጂ ወንዝ ማስፈልፈል አይቻልም፤ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ የሐይቁ ሳልሞንም አለቀ። ከ2006 ጀምሮ በካናዳ በኩል ዘሩን ለመመለስ ሰፊ ጥረት ተደርጓል፤ ሆኖም ያለ ሰው እርዳታ ራሱን የሚተካ መንጋ እስካሁን አልቆመም።

ከሳልሞኑ ቀጥሎ የጠፋው የሐይቁ ነባር ትራውት ነው። ብዙ ማጥመድና ላምፕሬይ የተባለ፣ እባብ የሚመስል፣ በክብ አፉ ከዓሣ ጎን ተጣብቆ ደም የሚመጥ ፍጥረት ተባብረው እስከ 1950ዎቹ ድረስ አጠፉት። ላምፕሬይ ኦንታሪዮ ውስጥ ራሱ ከባሕር መጥቶ ነው ወይስ ቦይ ረድቶት ነው የሚለው ሊቃውንቱን ያከራክራል። ከናያግራ በላይ ላሉት ሐይቆች ግን ክርክር የለም። ከ50 ሜትር በላይ የሚወረወረው ፏፏቴ በር ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። በ1829 የተከፈተው የዌላንድ ቦይ መርከቦችን በፏፏቴው ጎን ለማሳለፍ ተቆፈረ፤ ከዘመን በኋላም፣ በ1921፣ ላምፕሬይ በኤሪ ሐይቅ ታየ፤ በ1930ዎቹ ወደ ላይኞቹ ሐይቆች ሁሉ ደረሰ። ተመራማሪዎች ወደ 6,000 የሚጠጉ ቅመሞችን ሞክረው የላምፕሬይን ጫጩት ለይቶ የሚገድል አንድ ቅመም አገኙ፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከ1958 ጀምሮ በሱፐርየር ሐይቅ ወንዞች፣ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ በኦንታሪዮ ወንዞች ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ቅመም ዛሬም በየጊዜው ይረጫል፤ ቢቆም ላምፕሬዩ ይመለሳል። ቦዩን የቆፈሩት ሰዎች የግምት መዝገብ ይህን ወጪ አልያዘም ነበር።

ትልልቆቹ ዓሦች በጠፉ ጊዜ ኤልዋይፍ የተባለች፣ ከባሕር የመጣች ትንሽ ብርማ ዓሣ ያለ ከልካይ ተባዛች። በ1966 የሚቺጋን ግዛት የዓሣ ሹም ሃዋርድ ታነር ኮሆ የተባለውን የፓስፊክ ሳልሞን ወደ ሚቺጋን ሐይቅ እንዲለቀቅ አደረገ። የታሰበው የሚበላ ሳይጠፋ የሚበላው ስለሌለ የሚበላውን ማምጣት ነበር፤ ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። የኒው ዮርክ ግዛት በ1968 ኮሆን፣ በ1969 ደግሞ ከሁሉ የሚተልቀውን ቺኑክን ወደ ኦንታሪዮ አስገባ። በሚያዝያና በግንቦት በናያግራ ወንዝ አፍ አካባቢ አጥማጆች የሚሰለፉት ለነዚህ ነው። በ1976 ሚሬክስ የሚባል መርዝ በዓሦቹ ሥጋ ስለተገኘ የኒው ዮርክ መስተዳድር ብዙዎቹን ይዞ መገኘትን ለጊዜው እስከ መከልከል ደርሷል፤ ዛሬም ከሐይቁ ዓሣ ምን ያህል ቢበሉ እንደማይጎዳ የሚገልጥ የጤና ምክር ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስሁ። የፓስፊክ ሳልሞን በኦንታሪዮ ለብዙ ዓመታት የማስፈልፈያ ጣቢያ ፍሬ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። በምሥራቅ ዳርቻ ፑላስኪ በምትባል ከተማ የሚያልፍ፣ ስሙም ሳልሞን ሪቨር የተባለ ወንዝ አለ። በላዩ ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድቦች አሉ። ማመንጫዎቹ የሚሠሩት የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከፍ በሚልበት ሰዓት ውሃ ለቅቆ ዝቅ ሲል በመዝጋት ነበር። ይህ አሠራር ለሁላችንም የታወቀና ከኢኮኖሚ አንጻር የማይነቀፍ ነው። ለወንዙ ግን በቀን ውስጥ ሞልቶ በቀን ውስጥ መጉደል ማለት ነው። ቺኑክ በጥቅምት ዕንቁላሉን በጠጠር ውስጥ ይቀብራል፤ ዕንቁላሉ ክረምቱን እዚያው ያሳልፋል፤ ጫጩቱ በጸደይ ከጠጠሩ ወጥቶ በወንዙ ዳር፣ እጅግ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ፣ ጥቂት ሳምንታት ይመገብና እስከ ሰኔ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ውሃው በድንገት ሲጎድል በጥቅምት የተቀበረው በአየር ላይ ይቀራል፤ በግንቦት በዳር የሚዋኘውም በጠጠር መካከል ተቋጥሮ ይሞታል።

በ1996 የማመንጫዎቹ ፈቃድ ሲታደስ ከወንዙ መቼም የማይጎድል ዝቅተኛ የፍሰት መጠን በፈቃዱ ውስጥ ተጻፈ። መጠኑም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በሴኮንድ 9.5 ሜትር ኩብ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ 8.1 ሜትር ኩብ፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ 5.2 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ቁጥሮቹን ከዓሣው ዕድሜ ጋር አስተያዩአቸው። ከፍተኛው ዕንቁላል ለሚጣልበት ወራት፣ መካከለኛው ዕንቁላሉ በጠጠር ውስጥ ለሚቆይበትና ጫጩቱ ለሚወጣበት፣ ዝቅተኛው ጫጩቱ ወደ ሐይቁ ከሚወርድበት ጊዜ ጀምሮ ላለው ወቅት ነው። አንድም ግድብ አልፈረሰም፤ ተርባይኑም አልቆመም። ከዚያ በኋላ በወንዙ ውስጥ በተፈጥሮ የሚወለደው የቺኑክ ጫጩት በብዙ ተበራከተ። ተመራማሪዎች ከጣቢያ የሚለቀቁትን ምልክት እያደረጉ ከቆጠሩ በኋላም በሐይቁ ካለው ቺኑክ ግማሽ ያህሉ በወንዝ የተወለደ ሆኖ ተገኘ። በእኔ አስተያየት በኦንታሪዮ ዙሪያ ከተሠሩት የዓሣ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል በጥቂት ኮንክሪት የተገኘ ውጤት የለም።

ይህ ማለት ሐይቁ ዐርፏል ማለት አይደለም። ቺኑኩ የሚኖረው በኤልዋይፍ ነው። በ2013ና በ2014 የተወለዱት ኤልዋይፎች እጅግ አነስተኛ ስለነበሩ ኒው ዮርክና የካናዳው የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከ2017 ጀምሮ የሚለቁትን የቺኑክ ጫጩት ቀንሰዋል። ከጣቢያ የሚለቀቀውን መቀነስ ይቻላል፤ በወንዝ የሚወለደውን ግን ማንም በትእዛዝ አይቀንሰውም። ስለዚህ የተሳካው ሥራ ራሱ አዲስ የሒሳብ ጥያቄ ወልዷል።

ስለ ባስ በአጭሩ ልናገር። ባስ የሐይቁ ነባር ነው። ውሃው ወደ 15 ዲግሪ ሲደርስ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ ወንዱ በዳርቻው ጠጠር ላይ በጅራቱ ክብ ጎጆ ይጠርግና ሴቷ የጣለችውን ዕንቁላል ሳይበላ ይጠብቃል። መርከቦች በሆዳቸው ለሚዛን የሚይዙት ውሃ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ ሁለት እንግዳ ወገኖችን ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች አመጣ። አንደኛው ወገን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታዩት፣ ውሃውን እያጣሩ የሚበሉ ባለ ዛጎል ፍጥረቶች ናቸው። ሁለተኛው ከ1990 ጀምሮ የታየው ጎቢ የተባለ ትንሽ ዓሣ ነው። ባስ ጎቢን እየበላ ከቀድሞው ይበልጥ ወፈረ፤ አጥማጁም ተደሰተ። ነገር ግን አጥማጁ ጎጆውን የሚጠብቀውን ወንድ በመንጠቆ ባነሣ ጊዜ፣ ወዲያው ቢለቀው እንኳ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ጎቢዎች ጎጆውን ወርረው ዕንቁላሉን ይበላሉ። በጸደይ ባስን ወስዶ መብላት የሚከለክለው ሕግ አጥማጆችን ቢያሰለችም ምክንያቱ ይህን የመሰለ ነው። ዛጎሎቹም ውሃውን እጅግ ስላጠሩት ዓሣው ክሩን አይቶ የሚሸሽ ሆኗል፤ ስለዚህ አጥማጆች ቀጭን ክር ይመርጣሉ።

ይህን ሁሉ ለምን ወደዚህ ጉባኤ አመጣሁት? በጣና ሐይቅ ላቢዮባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ። ከዚህ ወገን ከአሥር የሚበልጡት ዝርያዎች ከጣናና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ላይ አይገኙም። ከእነርሱም ከፊሎቹ ልክ እንደ ሳልሞን ዕንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ተነሥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። የሚወጡበትም ጊዜ ክረምቱ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ። በ1990ዎቹ ቁጥራቸው እጅግ አሽቆልቁሏል፤ በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ከ1996 ጀምሮ በጣና መውጫ በጨረጨራ የሐይቁን ከፍታ የሚቆጣጠር ግድብ አለ፤ በርብም ለመስኖ ግድብ ተሠርቷል፤ በሌሎቹም ገባሮች ላይ የመስኖ ሐሳብ አለ። የመስኖውን አስፈላጊነት የሚጠራጠር ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አልጠራጠርም።

ነገር ግን አንድ ነገር ተመልከቱ። በሳልሞን ሪቨር ጉዳዩ የቀንና የሌሊት ጉዳይ ስለነበር ውሃውን በሰዓት ማከፋፈል በቂ ሆነ። በኛ አገር ግድብ ውሃ የሚያጠራቅምበት ወራትና ዓሣው ወደ ወንዙ የሚወጣበት ወራት አንድ ናቸው። ግድቡ በሐምሌና በነሐሴ ካልያዘ በጥርና በየካቲት ለገበሬው የሚሰጠው አይኖረውም፤ በሐምሌና በነሐሴ ሁሉን ከያዘ ደግሞ ከታች ያለው ጠጠር ዓሣውን የሚያስተናግድ ውሃ አያገኝም። ስለዚህ ከአሜሪካው ፈቃድ ቁጥሮቹን መቅዳት አይበጀንም፤ የተጻፈበትን መንገድ ግን መከተል እንችላለን። ይኸውም በክረምቱ ወራት በግድቡ ሥር በየሳምንቱ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚለቀቅ በንድፉ ሰነድ ውስጥ በቁጥር እንዲገባ፣ ቁጥሩም ሲወሰን በባሕር ዳር ያሉት የዓሣ ተመራማሪዎች ከሃይድሮሎጂ ባለሙያው ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ፣ በመቀልበሻ ግድቦችም ላይ የመሰላሉ ሥዕል ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት እንዲሣል ነው። ለማኅበራችን የቴክኒክ ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው።

የሳልሞን ሪቨርን የፍሰት ሰንጠረዥ በሜትር ኩብ ለውጬ ጥቂት ቅጂ ይዣለሁ። ማየት የሚፈልግ ከዕረፍቱ ሰዓት በኋላ ሊወስድ ይችላል።